ባዶ እጅ የማይታለፍበት ገደል

ይህን የምጽፈው ለፈሪዎች ነው። ደፋር ሰው ሰቆጣን ራሱ ሄዶ ያየዋል፤ የኔ ቢጤው ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ በሩን ዘግቶ ቢያነበው ይሻለዋል። አስካለ እባላለሁ። አዳማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዕጣው ሲደርሰኝ ጎረቤቶቼ እልል ሲሉ እኔ አለቀስኩ፤ የደስታ መስሏቸው ነበር። እስከዚህ ጉዞ ድረስ በረንዳዬ ላይ ወጥቼ ልብስ አስጥቼ አላውቅም።

ታናሽ እህቴ ምስራቅ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ የስኳር በሽታ ስላለባት ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። አንድ ቀን ከዘለለች ትታመማለች። ሁለት ቀን ከዘለለች ምን እንደሚሆን ሐኪሙ ሲነግረን እናታችን በሕይወት ነበረች፣ እሷም "አስካለ፣ አደራሽን" ብላኝ ነው ያረፈችው። እንግዲህ ምስራቅ "ዘንድሮ ዋግ ኽምራ ሄጄ ተራራ እወጣለሁ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ አያለሁ" ብላ ስትነሳ ብቻዋን መስደድ አልቻልኩም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። ከጂንስ ቁራጭ ትንሽ ኮሮጆ ሰፋሁ፤ በስፖንጅ ገበር አድርጌ፣ ማንገቻዋን ሦስት ጊዜ ደርቤ ጠቀምኳት። "መድኃኒትሽ እዚህ ውስጥ ነው። የምይዘው ደግሞ እኔ ነኝ" አልኳት።

የመጀመሪያው ቀን በአውሮፕላን ላሊበላ ገባን። አውሮፕላኑ ሲነሳ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰውዬ ክንድ ያዝኩ፣ እስክናርፍ አልለቀቅሁትም። ጨዋ ሰው ነበር፣ ሲወርድ ብቻ "እናቴ፣ እጄን ይመልሱልኝ" አለኝ። ከሰዓት በኋላ አብያተ ክርስቲያናቱን ዞርን። ከአንዱ ወደ አንዱ የሚያሻግር ዋሻ አለ፤ መብራት ሳይበራ፣ ግድግዳውን እየዳሰሱ የሚያልፉበት ነው። የሲኦል ምሳሌ ነው አሉን። ምስራቅ ከፊቴ እየሳቀች ሄደች፣ እኔ ቀሚሷን ይዤ አባታችን ሆይን ሦስት ጊዜ ደገምኩ። ያን ሁሉ የድንጋይ ጥበብ ያየሁት በግማሽ ዓይን ነው፣ ይቅር ይበለኝ።

በማግስቱ በመኪና ወደ ሰቆጣ ተነሳን። ላገኘሁት ሰው ሁሉ "መንገዱ ሰላም ነው?" እላለሁ። ሁሉም "ሰላም ነው፣ አሁን ሰላም ነው" ይለኛል፤ ያቺ "አሁን" የምትለዋ ቃል ግን አላማረችኝም። መንገዱ ጠጠርና አቧራ ነው፤ አንድ ጎኑ ተራራ፣ አንድ ጎኑ ባዶ። አንድ ጠመዝማዛ ላይ ጎማ ፈነዳ። አዳማ ቢሆን አሥር ባጃጅ ነጂ ከቦ አሥር ዓይነት ምክር ይሰጥ ነበር። እዚያ ግን ከየት እንደመጣች ያላየኋት አንዲት ሴትዮ ቆሎ በሰፌድ፣ ውኃ በጣሳ ይዛ መጣችና አጠገባችን ተቀመጠች። ብዙም አላወራችም። ሾፌራችን ጎማውን ቀይሮ ሲጨርስ ተነስታ ሄደች። "ምን ፈልጋ ነው?" አልኩት። "ምንም። እንግዳ ሰው ብቻውን እንዳይፈራ ነው" አለኝ።

ሰቆጣ በድንጋያማ ኮረብቶች መሃል ያለች የቆርቆሮ ጣሪያ ከተማ ናት። ሆቴላችን ውስጥ አንድ ማቀዝቀዣ ነበር፣ በቢራ የተሞላ። ምስራቅ ከያዘችው አራት ብልቃጥ ኢንሱሊን ሦስቱን እዚያ አስቀመጠች፣ አንዱን በኔ ኮሮጆ አደረገች። አስተናጋጇ "ማንም አይነካውም፣ ከቢራው በላይ አድርጌዋለሁ" አለችን። ለራት የአበርገሌ ፍየል ጥብስ በላን፤ እኛ አገር ፍየል ይህን ያህል ጣዕም የለውም። ከዚያ አስተናጋጇ ነጭ ማር በብርጭቆ አመጣች፣ የአገሩ ኩራት ነው። ምስራቅ አልበላም ስትላት ልጅቷ ፊቷ ጠቆረ። ምክንያቱን ስነግራት "ውይ፣ ታዲያ እዚህ መጥታ ምን ልትበላ ነው?" ብላ አዘነችላት።

ሦስተኛው ቀን ውቅር መስቀለ ክርስቶስን አየን፣ ከከተማው ብዙም አይርቅም። አስጎብኚያችን ኪሮስ ያን ቀን ነው የመጣው፤ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ቃል ቆጥሮ የሚናገር ገበሬ ነው። ስልክ ሲያወራ በኽምጣኛ ይፈጥናል፣ ከኛ ጋር ሲሆን በአማርኛ ይረጋጋል። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የጥንት የዋግ ሹማምንት ናቸው የሚባሉ አስከሬኖች በእንጨት ሣጥን ተቀምጠዋል። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። "እትዬ አስካለ፣ የሞተ ሰው ምን ያደርጋል?" አለኝ ኪሮስ። "ምንም አያድርገኝ ብዬ ነዋ የቆምኩት" አልኩት።

በአራተኛው ቀን ማለዳ መኪናው ወደ ፃግብጂ አቅጣጫ ይዞን ወጣና መንገዱ ባለቀበት አወረደን፤ ሾፌሩ እዚያው ባለች መንደር ሊጠብቀን ቀረ። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው፣ ዕቃችን በበቅሎ። ረፋዱ ላይ ጭላዳዎቹን አገኘናቸው፤ ከመቶ የማያንሱ ይሆናሉ፣ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። አንዱ ወንድ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን አሳየኝና ኪሮስ ጀርባ ተሸጎጥኩ።

"ሣር ነው የሚበሉት" አለኝ።

"ሣር የሚበላ በሬም ይወጋል" አልኩት። ምስራቅ እየሳቀች ፎቶ አነሳች። ያን ቀን እንደሷ ደስ ያለው ሰው አላየሁም፣ እውነቱን ለመናገር እኔም በፍርሃቴ መሃል ደስ ብሎኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ደረስን። ከበላይዋ የምናድርበት አምባ አለ፤ ስሙ በኽምጣኛ ስለሆነ ብጽፈው አበላሸዋለሁ። ወደ አምባው የሚያስገባው መንገድ አንድ ነው፣ በገደሉ ወገብ ላይ። በቅሎ አያልፍም። ቤተ ክርስቲያኗ አጥር ሥር ወደ ላይ የሚወጣ ዕቃ ተቀምጧል፤ ጨው፣ ዘይት፣ የእህል ከረጢት። ሞላ የሚባል የአምባው ሰው የኔን ትልቅ ቦርሳ ከነምኑ ተሸከመ። ኪሮስ ለምስራቅ አንድ ቋጠሮ ጨው አሸከማት፣ ለኔ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ዘይት አቀረበልኝ።

እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። "ከፍዬ የመጣሁ ሰው ነኝ። ለተሸካሚ እንዳትከፍሉ እኔን ልታሸክሙ ነው?" አልኩት።

ኪሮስ አልተቆጣም። "ባዶ እጅ አይታለፍም፣ የአገሩ ደንብ ነው። ባዶ ሰው ለገደል ይቀለዋል ይላሉ አባቶቻችን" አለኝ። እኔም ኮሮጆዬን አንገቴ ላይ አስተካክዬ፣ እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። ጀሪካኑን ኪሮስ ራሱ ያዘው።

መንገዱ ርዝመቱ ከሱቄ በር እስከ አስፋልቱ ቢሆን ነው፣ ስፋቱ የልብስ መቁረጫ ጠረጴዛዬን ግማሽ አይሞላም። በግራ ድንጋይ ነው፣ በቀኝ ምንም የለም። ምስራቅ የጨው ቋጠሮዋን ይዛ አለፈች። እኔ መሃሉ ላይ ስደርስ አሞራ ከበታቼ ሲበር አየሁ። እኔ አሞራን የማውቀው ከራሴ በላይ ሲበር ነው። ሐሞቴ ፈሰሰ። በአራት እግሬ ተንበረከክሁ። ኮሮጆዋ ከደረቴ ወርዳ ወደ ባዶው በኩል ትወዛወዛለች፤ የምትጎትተኝ፣ የምትጥለኝ እሷ መሰለችኝ። ከአንገቴ አውጥቼ ጣልኳት። ማንገቻው ተበጠሰ ብል ማን ያውቅብኛል? ግን ስፌቱ የኔ ነው፣ አይበጠስም። በገዛ እጄ ነው ያወጣኋት። ድምፅ እንኳ ሳታሰማ ቀረች።

እንደምንም ድኼ ስደርስ ምስራቅ "ኮሮጆዋስ?" አለች። ጣቴን ወደ ገደሉ ቀሰርኩ። አንዴ ወደ ገደሉ፣ አንዴ ወደኔ አየችና ጎንበስ ብላ ከጉልበቴ ላይ አፈሩን አራገፈችልኝ። አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጀንበር እያዘቀዘቀች ስለነበር ያን ቀን መመለስ አይታሰብም።

ያረፍነው እማማ ታየች ቤት ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው፤ አማርኛቸው ቀስ ያለ ነው። ጉልበቴ ተላልጦ ሲያዩ ውኃ አሙቀው አጠቡኝ። የማሽላ እንጀራ በሽሮ አቀረቡልን። መደባቸውን ለኛ ለቀው እሳቸው መሬት ተኙ፤ እምቢ ብንል ሊቆጡን ነው። አዳማ ውስጥ ለማላውቀው ሰው ሳልጠይቅ በር እንኳ አልከፍትም። ይህን እያሰብኩ ጀርባዬን ለእህቴ ሰጥቼ አለቀስኩ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ገደሉ ሄድን። ሲወጡ ዓይን ወደ ድንጋዩ ነው፣ ሲወርዱ ግን ገደሉ ሁሉ ከፊት ተዘርግቶ ይታያል። ሁለት እርምጃ ሄድኩና ድንጋዩን አቅፌ ቀረሁ፣ ኪሮስ ጎትቶ መለሰኝ። ቀትር ላይ እንደገና ሞከርን፤ ነፋስ ነበር፣ አንድ እርምጃም አልሄድኩ።

"አንቺ ሂጂ፣ እኔን ተዪኝ" አልኳት ምስራቅን።

"ትቼሽ ብሄድ አንቺ መቼም አትወርጂም። አውቅሻለሁ" አለች።

"ልትሞቺብኝ ነው እኮ!"

"እንግዲያው ውረጂ።"

ግትርነቷ የእናታችን ነው። ኪሮስ አሰበና ሞላን ላከው፤ ስልክ ወደሚሠራበት ወርዶ ሾፌሩን እንዲጠራ፣ በቅሎዋንም ቤተ ክርስቲያኗ ጋ ይዞ እንዲጠብቅ። "ሾፌሩ ሰቆጣ ተመልሶ መድኃኒቱን እዚህ ያምጣ ብንል ነገ ማታ ነው የሚደርሰው" አለኝ፣ ምስራቅ እንዳትሰማ ዝቅ ብሎ። "ነገ ጠዋት መውረድ ነው የሚሻለው።" ሲመሻሽ ምስራቅ ውኃ በላይ በላዩ ትጠጣ ጀመር። ከዚያ አስመለሳት። ትንፋሿ የበሰለ ፍሬ ሸተተኝ፤ ያንን ሽታ ከልጅነቷ አውቀዋለሁ፣ ሆስፒታል ተሸክሜያት ስሮጥ የሸተተኝ እሱ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አሉ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አውሮፕላንና አራተኛ ፎቅ ስፈራ፣ የደረሰብኝ ግን እህቴን በፍርሃቴ መግደል ነው።

በስድስተኛው ቀን ንጋት ላይ እማማ ታየች አንዲት ትንሽ ገንቦ ይዘው መጡ፤ አፏ በሰም ታሽጓል። በሌላው እጃቸው ያረጀ የቆዳ አንቀልባ አለ።

"ልጄ፣ አደራ ልሰጥሽ ነው" አሉኝ። "ማር ነው። ለልጄ ለአበባ አድርሺልኝ። ታች ቤተ ክርስቲያኑ ዘንድ ናት።"

"እማማ፣ እኔ እኮ ራሴንም ማሻገር አልቻልኩም። ገንቦዎን እሰብረዋለሁ" አልኳቸው።

"አትሰብሪውም። ሌላ የሚያደርስልኝ የለም።" መልሴን ሳይጠብቁ ጀርባዬን አዞሩኝ። ገንቦውን አስደግፈው በአንቀልባው አሰሩ፣ ጠፍሩን ደረቴ ላይ አጠበቁ። "ይሄ አበባን ያዘልኩበት ነው። ስታደርሺ ከታች ጮኸሽ ንገሪኝ፣ እሰማለሁ።" ትልቁን ቦርሳዬን ከዚያ በላይ መያዝ ስለማልችል እዚያው መደቡ ላይ ተውኩት። እስከ ገደሉም አልሸኙኝም፤ ደጃፋቸው ላይ ቀሩ። ያን ጊዜ አልገባኝም።

ኪሮስ ምስራቅን በነጠላ ወገቧን አስሮ ከፊት ያዛት። መራመድ ትችላለች፣ ግን እንደሰከረ ሰው ነው። እኔ ከኋላዋ ገባሁ። ፈርቼ ነበር፤ ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ፈሪዎች፣ አልዋሻችሁም፣ ፍርሃቱ አልቀነሰም። ግን አቅጣጫውን ቀየረ። ጎንበስ ብል ገንቦው በራሴ ላይ ይገለበጣል። መንበርከክ አልችልም። ወደ ገደሉ ባዘነብል ይጎትተኛል፤ ስለዚህ ቀጥ ማለት አለብኝ፣ ቀጥ ሲሉ ደግሞ ዓይን ወደ ታች አይሄድም። ያየሁት የእህቴን ማጅራት ብቻ ነው። ልጅ ወልጄ አላውቅም፣ ያዘልኳት ልጅ ምስራቅ ብቻ ናት። ገንቦው ጀርባዬ ላይ ሲሞቀኝ፣ ያን ጊዜ እሷን ሳዝል እንደማደርገው እጄን ወደኋላ ልኬ እደግፈው ነበር። መሃሉ ላይ ምስራቅ ቆመች።

"እትዬ፣ ደከመኝ" አለች።

"እኔ ከኋላሽ ነኝ። ትንሽ ቀርቷል፣ ሂጂ" አልኳት። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። ሄደች።

ታች ስንደርስ ሞላ በቅሎዋን ይዞ ቆሟል። ምስራቅን አስቀምጠው ኮርቻውን ሲያጠብቁ "አበባ የምትባለው ሴት ቤት የቱ ነው? ቶሎ ሰጥቻት እንሂድ" አልኩት ኪሮስን። ኪሮስ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ግቢ ይዞኝ ገባ። ከግራር ሥር ድንጋይ የተከመረበት መቃብር ጋ ቆመ።

"ይቺ ናት" አለኝ። "ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከሰርግ ስትመለስ ባዶ እጇን ቸኩላ አለፈች፣ ገደሉ ወሰዳት። እማማ ታየች በየዓመቱ ለዝክሯ ማር ይልካሉ። ራሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ ተሻግረው አያውቁም። መቃብሯንም አላዩት። ገደሉ አጠገብ አይደርሱም።"

እዚያ ግራር ሥር ራሴን አየሁት። እህቴ ያለችው እውነት ነበር፤ ምስራቅ ብትሄድና አንድ ነገር ብትሆን እኔም ከዚያ አምባ አልወርድም ነበር፣ የሚያልፍ ሰው እየጠበቅሁ ገንቦ ስልክ እኖር ነበር። ማሩን ለቤተ ክርስቲያኗ ቄስ ሰጠሁ። ከዚያ ግቢው መሃል ቆሜ፣ በሕይወቴ ጮኼ የማላውቀውን ያህል ጮኽሁ፦ "እማማ ታየች! ደርሷል! አደራዎ ደርሷል!" ትንሽ ቆይቶ ከላይ፣ ከሩቅ፣ ቀጭን እልልታ መጣ። ከቤታቸው ደጃፍ መሆን አለበት። አንቀልባውን እንዲመልስላቸው ለሞላ ሰጠሁትና ተነሳን።

ከቀትር በኋላ ሰቆጣ ገባን። አስተናጋጇ መኪናውን ስታይ ብልቃጦቹን ከማቀዝቀዣው አውጥታ ሆስፒታል ድረስ ከኛ ጋር ሮጠች። ምስራቅ ሁለት ቀን ኢንሱሊንና ፈሳሽ በደም ሥሯ እየተሰጣት ተኛች። ነርሷ "ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ" ብላ ጀመረችና ፊቴን አይታ ተወችው። በሦስተኛው ቀን ምስራቅ ተነስታ ፎቶዎቿን ታሳየኝ ጀመር፤ በአንዱ ላይ እኔ ከኪሮስ ጀርባ ተሸጉጬ አለሁ። ሳቅን። ስለ ኮሮጆዋ እስከ ዛሬ አንስታብኝ አታውቅም፣ እኔ ነኝ የማነሳው።

ወደ አዳማ ከተመለስን ሁለት ወር ገደማ ሲሆነን ኪሮስ ከሰቆጣ ደወለ። የምስራቅን ጤንነት ጠየቀ፣ ስለ ዝናቡ አወራ። እንደ ልማዱ ዋናውን ነገር ወደ መጨረሻ አስቀምጦታል።

"እማማ ታየች ወረዱ" አለኝ።

"ምን ማለትህ ነው?"

"ተሻገሩ። የእርስዎን ቦርሳ በዚያችው አንቀልባ አዝለው። እኔ ላድርስልዎት ብላቸው እምቢ አሉኝ። 'የሰው አደራ ቤቴ ተቀምጦ፣ ባለቤቷ ፈርታ አትመጣ፣ እኔ ላውርደው እንጂ' አሉ። ልጃቸው መቃብር ላይ ቦርሳውን ሳያወርዱ ብዙ ቆሙ። ከዚያ አስቀመጡትና አለቀሱ። ሲመለሱ ደግሞ ባዶ እጄን አልሄድም ብለው ጨው ተሸክመው ወጡ።"

ቦርሳው ትናንት በአውቶቡስ ደረሰኝ። ልብሴ እንዳጣጠፍኩት ነው፣ ትንሽ ጭስ ጭስ ይሸታል። ዛሬ ጠዋት ሁሉንም አጠብኩት። ምስራቅ መጥታ ስለነበር የበረንዳውን በር ከፍታ ሳፋውን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች። ሙሉ ነው፣ ውኃው ይንጠባጠባል፣ ይከብዳል። "ተዪው፣ እኔ ልያዘው" አልኳትና ይዤው ወጣሁ።